በላንታው ደሴት፦ የፔኒ ወሽመጥን ፍለጋ



በ2016 ዓ.ም ክረምት፣ ትምህርት ቤት እንደተዘጋ፣ ከነልጆቻችን ወደ ሆንግ ኮንግ ተጉዘን ነበር። የእኛ የወላጆቹ ጉዳይ ሌላ ነው፤ የልጆቻችን ጉዳይ ግን አንድ ብቻ ነበር፤ ዲዝኒላንድ። ከቦሌ ተነሥተን እስክናርፍ ድረስ ሌላ ወሬ አልሰማንም። ቃል ገብተን ስለነበር ማምለጫም አልነበረንም። ዛሬ የምናጫውታችሁ ግን ስለ መጫወቻዎቹ አይደለም፤ እነርሱን ልጆቻችሁ ከእኛ የበለጠ ያውቋቸዋል። የምናጫውታችሁ መናፈሻው ስለቆመበት መሬት፣ ወደፊት ይሰፋበታል ተብሎ ስለተያዘለት ቦታ፣ ይህም ሁሉ ምን እንዳስከፈለ ነው። ከዚህ በታች ስለ ሆንግ ኮንግ የምንጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩ የጀመረው በኮውሉን መስጂድ በራፍ ላይ ነው። መስጂዱ መጀመሪያ በ1896 ለሕንድ ሙስሊም ወታደሮች የተሠራ ሲሆን፣ አሁን በናታን ጎዳና ላይ የሚታየው ነጭ ሕንፃ በ1984 የተከፈተ ነው። ዙህር ሰግደን ስንወጣ አንድ የፓኪስታን ዝርያ ያላቸው፣ ዕድሜያቸውን በሙሉ እዚያው የኖሩ ሽማግሌ ከየት እንደመጣን ጠየቁን። ሐበሻ መሆናችንን ሲሰሙ ደስ ብሏቸው ልጆቹን አንድ በአንድ ሳሙ። “ነገስ ወዴት ናችሁ?” አሉን። ልጆቹ ከእኛ ቀድመው መለሱ። ሽማግሌው ሣቁና “እኔ ያን ቦታ የማውቀው ባሕር ሳለ ነው። በጀልባ አልፌበታለሁ። ዳር ላይ የጀልባ መሥሪያ ነበረ፤ ሌላው ውሃ ነው” አሉ። ከዚያም ወደ ትልቁ ልጃችን ጎንበስ ብለው “ስትሄድ ባሕሩ የት እንደገባ ጠይቃቸው” አሉት። ልጁ ነገሩን እንደ አደራ ይዞት አደረ።

በማግስቱ ሰኒ ቤይ ከሚባለው ጣቢያ ላይ ባቡር ቀየርን። ወደ መናፈሻው የሚወስደው ባቡር መስኮቶቹ የሚኪ ማውስን ጭንቅላት ቅርጽ የያዙ ናቸው። ልጆቹ በመስኮቱ ቅርጽ ሲደነቁ እኛ በመስኮቱ ውስጥ የሚታየውን እንፈልግ ነበር። ግራና ቀኝ አረንጓዴ ኮረብታ ነው፤ በመካከሉ እንደ ጠረጴዛ የተስተካከለ ሜዳ ይታያል። የላንታው ደሴት ተራራማ ነች፤ እንዲህ ያለ ሜዳ በተፈጥሮዋ የላትም። ሜዳው ሰው የሠራው ነው። ስሙ የፔኒ ወሽመጥ ይባላል፤ በቻይንኛው ቾክ ኮ ዋን ነው፤ የቀርከሃ ዘንግ ወሽመጥ እንደማለት ነው። የመሬት ቁፋሮ አጥኚዎች በዳርቻው በሚንግ ነገሥታት ዘመን የነበሩ የሰማያዊና ነጭ ሸክላ ስብርባሪዎችን አግኝተዋል። እንግዲህ መርከበኞች ያረፉበት፣ ነጋዴ የተሻገረበት ጥንታዊ ወሽመጥ ነበር ማለት ነው።

ሆንግ ኮንግ በ1997 ወደ ቻይና ስትመለስ ወዲያው የእስያ የገንዘብ ቀውስ ደረሰባት። ሰው ከሥራ ወጣ፣ የቤት ዋጋ ወረደ። መንግሥት ተስፋ ፈልጎ ነበር፤ ኅዳር 1999 ላይ ከዲዝኒ ኩባንያ ጋር መስማማቱን አስታወቀ። በ40 ዓመት ውስጥ 148 ቢሊዮን የሆንግ ኮንግ ዶላር ጥቅም ያስገኛል ተብሎ ተገመተ። የአካባቢው ተጽዕኖ ግምገማ የጸደቀው ግን በ2000 ነው። ከዚህ ላይ አንባቢ ቀኖቹን ልብ ይበል። ሕጉ ሳይኖር ቀርቶ አይደለም፤ የሆንግ ኮንግ የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ ሕግ ከሚያዝያ 1998 ጀምሮ በሥራ ላይ ነበር፤ ሪፖርቱም ለሕዝብ ይቀርባል፣ አስተያየት ይሰበሰብበታል። ነገር ግን ውሉ አስቀድሞ ተይዟል። ሽማግሌ የሚላከው ኒካሁ ከታሰረ በኋላ ሲሆን ሽማግሌው ምን ሊል ይችላል?

በእኛም ሀገር የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 ወጥቷልና ነገሩ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ እንግዳ አይሆንም። ግምገማ ማለት ሥራው ሳይጀመር ምን እንደሚነካ አስቀድሞ መርምሮ፣ የሚቀረውን ማስቀረት፣ የማይቀረውን ማቅለል ነው። ችግሩ አጥኚው ያልረገጠው ቦታ ላይ ምን እንዳለ ወረቀቱ አያውቅም። በፔኒ ወሽመጥ የሆነውም ይኸው ነው።

ሽማግሌው የነገሩን የጀልባ መሥሪያ ከ1960ዎቹ ጀምሮ በዚያ ይሠራ ነበር። በ2000 ጥናት ሲደረግ ግቢው ገና በባለቤቱ እጅ ስለነበር አፈሩን ቆፍሮ ማየት አልተቻለም። መንግሥት በ2001 ግቢውን ከተረከበ በኋላ ሲቆፈር 30,000 ሜትር ኩብ ያህል አፈር በዳይኦክሲን የተመረዘ ሆኖ ተገኘ። ዳይኦክሲን ማንም ሆን ብሎ የሚያመርተው ነገር አይደለም፤ ክሎሪን ያለባቸው ነገሮች፣ ለምሳሌ አንዳንድ የፕላስቲክ ዓይነቶች፣ እንዲሁ ሜዳ ላይ ሲቃጠሉ ይፈጠራል። ከተፈጠረ በኋላ በአፈር ውስጥ ለረጅም ዘመን ይቆያል፣ ወደ ሰውም ወደ እንስሳም ስብ ይገባል፣ ከስብም ቶሎ አይወጣም። ቆሻሻን በየጓሮው የምናቃጥል እኛም ብንሆን ይህን ማወቅ አይጎዳንም።

ግቢውን ለማጽዳት በመጀመሪያ የተገመተው ወጪ 22 ሚሊዮን የሆንግ ኮንግ ዶላር ነበር፤ ዳይኦክሲኑ ከታወቀ በኋላ ግምቱ ወደ 450 ሚሊዮን ወጣ። ሃያ እጥፍ ማለት ነው። አፈሩ ቶ ካው ዋን ወደሚባል ስፍራ ተወስዶ በምድጃ ተሞቀ፤ መርዙ በሙቀት ከአፈሩ ተንኖ ወጣ፤ ተንኑ ቀዝቅዞ ቅባት ያለው ዝቃጭ ሲሆን ዝቃጩ ጺንግ ዪ ደሴት ላይ ባለው የኬሚካል ቆሻሻ ማቃጠያ ተቃጠለ። ይህም ቢሆን ያለ ክርክር አላለፈም። በፍትሐዊነት ለመናገር፣ መርዙን ያመጣው መናፈሻው አይደለም፤ መናፈሻው ባይመጣ ኖሮ እስከ ዛሬ ተቀብሮ በቀረ ነበር። ግቢው የተፈለገውም ለመጫወቻ ሳይሆን ለመንገድ ነበር። ይሁን እንጂ የማስፋፋት ዋጋ ሲሰላ የመንገዱም ዋጋ አብሮ መቆጠር አለበት።

ባሕሩ ራሱስ እንዴት መሬት ሆነ? የወሽመጡ ወለል ለስላሳ ጭቃ ነው። በላዩ ላይ አሸዋ ቢደፋበት ይሰምጣል። ስለዚህ ጭቃው ወይ ተዝቆ ሌላ ቦታ ይጣላል፣ ወይም በቦታው እንዳለ ውሃው ተመጥጦ በክብደት እንዲጠጥር ይደረጋል። ከዚያ አሸዋና ድንጋይ በጀልባ እየተጫነ ይሞላበታል። ይህ ሁሉ ሲሆን ውሃው ይደፈርሳል። ደለሉ የዓሣ ስንጥብ ይዘጋል፤ ዓሣው በውሃ ውስጥ ሆኖ ትንፋሽ ያጥረዋል። በአቅራቢያው ባለው በማ ዋን ደሴት በመረብ ጎጆ ዓሣ የሚያረቡ ሰዎች አሉ። ዓሦቻቸው በብዛት ሲያልቁባቸው ጣታቸውን ወደ ፔኒ ወሽመጥ ቀሰሩ። የባሕርን ነገር ማስረዳት ከባድ ነው፤ ውሃ አጥር የለውም፣ ደለልም የመጣበትን አይናገርም። ከሁሉ ያሳዘነን ይህ ነው። መኪና የገጨህ እንደሆነ ታርጋ ትይዛለህ፤ የደፈረሰ ባሕር ግን ምን ታርጋ አለው?

በላንታው ዙሪያ ባሕር ውስጥ ነጭ ዶልፊን የሚባል እንስሳ ይኖራል። ሲያድግ ቀለሙ ወደ ሮዝ የሚያደላ ነው። በ2003 በዚያ ውሃ የተገመተው ቁጥር ወደ 188 ነበር፤ በ2018 ወደ 32 ወርዷል። ይህን ሁሉ በመናፈሻው ላይ ብንጭን ዋሽተናል። ዶልፊኖቹ በብዛት የሚገኙት ከደሴቲቱ በስተ ምዕራብ ነው፤ ወሽመጡ ግን በምሥራቁ ጫፍ ነው። በመካከሉ የአውሮፕላን ማረፊያው ተስፋፍቷል፣ ወደ ጁሃይና ማካዎ የሚወስደው ረጅም ድልድይ ተሠርቶ በ2018 ተከፍቷል፣ ፈጣን ጀልባዎችም ውሃውን ቀንና ሌሊት ይሰነጥቁታል። ይሁን እንጂ እያንዳንዱ ሥራ ለየብቻው ሲመዘን “የእኔ ጉዳት ትንሽ ነው” ይላል። ትንንሹን ደምሮ የሚያየው ማን ነው? ዶልፊን እንደሆነ የሚኖረው በድምሩ ውስጥ ነው።

ወደ ጉዟችን እንመለስ። መናፈሻው መስከረም 12 ቀን 2005 ሲከፈት በመጀመሪያው ዓመት 5.6 ሚሊዮን ጎብኚ ይጠበቅ ነበር፤ የመጣው 5.2 ሚሊዮን ያህል ነው። በሁለተኛው ዓመት ከዚያም ቀነሰ። ጎብኚ ቢቀንስም ማስፋፋቱ አልቀረም፤ ትንሽ ነው የሚል ወቀሳ ነበረበትና ከ2011 እስከ 2013 ሦስት አዳዲስ መንደሮች ተጨመሩለት። በ2016 ደግሞ 10.9 ቢሊዮን የሆንግ ኮንግ ዶላር የሚፈጅ ሌላ የማስፋፊያ ዕቅድ ታወጀ። ልጆቻችን ያበዱበት የበረዶ መንደር የዚሁ ዕቅድ አንዱ ክፍል ሲሆን ኅዳር 2023 ላይ ተከፍቷል። ከውጭ ሠላሳ ሦስት ዲግሪ ሙቀት ነው፣ ላብ እንደ ውሃ ይወርዳል፤ ልጆቹ ግን የበረዶ ተራራ ሥር ቆመው ፎቶ አንሡን ይላሉ። እኛ ስለ ማቀዝቀዣው መብራት እናስባለን፤ ወላጅ መሆን እንዲህ ነው።

እነዚህ ጭማሪዎች ቀድሞ ከባሕር በወጣው መሬት ላይ፣ በግቢው ውስጥ የተሠሩ ናቸው። አዲስ ባሕር አልጠየቁም። ከጎኑ ያለው የሰው ሠራሽ ሐይቅም ቢሆን ደግ ሥራ ነው፤ 12 ሔክታር ያህል ስፋት ያለው ሆኖ የዝናብ ውሃ ያጠራቅማል፤ ለአትክልቱ ማጠጫ ይውላል። አብዛኛው የመጠጥ ውሃዋ ከቻይናው ዶንግጂያንግ ወንዝ ተገዝቶ ለሚመጣላት ከተማ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ርችቱ ግን አከራክሯል። ከመክፈቻው ጀምሮ ለዓመታት በየምሽቱ ይተኮስ ነበር። እዚያው ኩባንያ በካሊፎርኒያ ባለው መናፈሻው በ2004 ባሩዱን ትቶ ርችቱን በታመቀ አየር ማስወንጨፍ ሲጀምር፣ የሆንግ ኮንግ የአካባቢ ተቆርቋሪዎች “ለእኛስ ለምን አይሆንም?” ብለው ጠየቁ። ጥያቄያቸው ተገቢ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ልጆቹ ሲደክሙ በሐይቁ ዳር አረፍን። ትልቁ ልጃችን አደራውን አልረሳም። አንዲት ወጣት የመናፈሻ ሠራተኛ ስታልፍ በተሰባበረ እንግሊዝኛ “ባሕሩ የት ገባ?” ብሎ ጠየቃት። ልጅቷ መጀመሪያ ግራ ገባት፤ ቆይታ ነገሩ ሲገባት ሣቀችና በእግሯ መሬቱን ሁለት ጊዜ መታች። “እዚህ” አለችው።

ከመናፈሻው ጎን አጥር የያዘ ሰፊ ሜዳ አለ። 60 ሔክታር ነው። ሁለተኛው መናፈሻ ይሠራበታል ተብሎ ቀድሞውኑ ባሕሩ ተሞልቶ የተዘጋጀ ነበር፤ ኩባንያውም መሬቱን የመግዛት መብት ተሰጥቶት ነበር። ዓመታት ሄዱ፤ መናፈሻው አልተሠራም። መስከረም 2020 ላይ መብቱ ሲያበቃ መንግሥት ሳያራዝመው ቀረ። በዚያው ዓመት ወረርሽኙ ገብቶ ስለነበር ሜዳው የለይቶ ማቆያ ሆነ፤ በሺህ የሚቆጠሩ ተገጣጣሚ ክፍሎች ተሠሩበት። ለሳቅ የተሞላ ባሕር ሰዎች በር ተዘግቶባቸው ቀን የሚቆጥሩበት ስፍራ ሆነ። ይህን ማንም አስቦ አላደረገውም፤ በችግር ጊዜ ክፍት መሬት መገኘቱም ጠቅሟል። የእኛ ቅሬታ ሌላ ነው። ኩባንያው ሁለተኛውን መናፈሻ የመሥራትና ያለመሥራት ምርጫ ነበረው፤ ገበያውን አይቶ ሊወስን ሃያ ዓመት ያህል ጠበቀ። ወሽመጡ ግን ምርጫ አልነበረውም፤ የራሱን ድርሻ በመጀመሪያው ቀን ከፍሎ ጨርሷል። የመናፈሻ ማስፋፊያ ሲገመገም የሚጠየቀው “ከተሠራ ምን ይጎዳል?” ነው። “ባይሠራስ፣ ቀድሞ የጎዳነውን ማን ይመልሳል?” የሚለው ጥያቄ በዚያ ወረቀት ላይ ቦታው የት እንደሆነ እንጃ።

ልጃችን አጥሩን ይዞ ትንሽ ቆመ። “እና ባዶ ነው?” አለ። “አዎ፣ ባዶ ነው” አልነው። “ታዲያ ለምን መልሰው ባሕር አያደርጉትም?”

አሸዋውን መልሶ ማውጣት እንዴት እንደሚከብድ ልናስረዳው ጀመርን፤ ስለ ደለሉ፣ ስለ ዓሦቹ፣ ስለ ወጪው። ታናሽ እኅቱ ጫማዋ እግሯን ልጧት ታለቅስ ስለነበር ነገሩን ሳንጨርስ ተሸክመናት ወደ ጣቢያው ሄድን። መግሪብ ሳይገባ ኮውሉን መድረስ ነበረብን።