ባሮን ከታች ወደ ላይ

መጋቢት ነው፤ ጋምቤላ ገና በማለዳው ሞቃለች። የባሮ ወንዝ ጎድሎ አሸዋው ተገልጧል። ለሥራችን የሚመቸው ይኸው ወቅት ነው፤ ክረምት ላይ ከደጋ የሚወርደው ደለል ማጣሪያችንን ወዲያው ይደፍነዋል።

የመጣነው ዓሣ ልናጠምድ አይደለም። ዓሣው፣ አዞው፣ ጉማሬው፣ ሊጠጣ የወረደው አውሬ ሁሉ ከቆዳው፣ ከልጋጉና ከዓይነ ምድሩ ዲኤንኤውን ውኃው ውስጥ ይተዋል። እኛ የምንወስደው ያንን ነው። አዲስ ጓንት አጥልቀን፣ የታንኳዋን አፍንጫ ወደ ላይ አዙረን፣ ያልነካነውን ውኃ እንቀዳለን። ከዚያ ቀዳዳው 0.45 ማይክሮን በሆነ ማጣሪያ በሲሪንጅ እየገፋን እናሳልፈዋለን። ማጣሪያው ላይ የምንጨምረው ማቆያ ፈሳሽ፣ በረዶ በሌለበት በዚህ ሙቀት ናሙናውን እንዳይበላሽ ይጠብቀዋል። በየጣቢያው ንጹሕ የተጣራ ውኃም በዚያው መንገድ እናሳልፋለን። በእሱ ውስጥ የዓሣ ዲኤንኤ ከተገኘ ብክለቱ ከእኛው እጅ ነው፤ የጣቢያው ውጤትም አይታመንም።

የሚቀዝፉልን አዛውንት ዓሣ አጥማጅ፣ «ዓሣው ሳይያዝ እንዴት ይታወቃል?» አሉኝ።

«አባባ፣ እርስዎ ዱካ አይተው አውሬውን እንደሚያውቁት ነው።»

«ዱካ የተረገጠበት ቦታ ይቆያል፤ ውኃ ግን ይሄዳል» አሉ።

የዚህን ሥራ ትልቁን ፈተና ነው የነገሩኝ። በ2014 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ግላት በተባለ የስዊዘርላንድ ወንዝ ውስጥ የሐይቅ ፍጥረታትን ዲኤንኤ ከሐይቁ 12 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ አግኝቶታል። ጋምቤላ ላይ የቀዳሁትም ከላይ የመጣ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ከ500 ሜትር ገደማው ቆላ ተነሥተን፣ በቦንጋና በቡሬ አድርገን፣ 2000 ሜትር ወደሚጠጋው ጎሬ፣ ከዚያም መቱ አጠገብ ወዳለው የሶር ወንዝ እየቀዳን እንወጣለን። ሶር የገባን ወንዝ ይቀላቀላል፤ ገባና ብርብር ተገናኝተው ባሮ ይሆናሉ። ከታች የታየው ላይ ከሌለ፣ የቆላው ነዋሪ ሳይሆን አይቀርም።

ሌላም ጉድለት አለ። በባሮ ተፋሰስ ከ100 በላይ የዓሣ ዝርያዎች ይኖራሉ፤ ማነጻጸሪያ ናሙናው ያልተመዘገበለት ዝርያ ግን ዲኤንኤው ቢገኝም ማንነቱ አይታወቅም። ስለዚህ አዛውንቱ ካጠመዱት አምባዛና ቆሮሶ ሁሉ በፈቃዳቸው ከክንፉ ጥቂት ቆርጠን፣ ፎቶ አንሥተን፣ ያሉንን ጽፈን እንይዛለን።

ደን ሲመነጠርና ወንዝ ሲገደብ ማን እንደጠፋ ለማወቅ፣ አስቀድሞ ማን እንደነበረ መመዝገብ አለበት። ማጣሪያው ብቻውን ይህን አይችልም። አጥማጆቹ የሚያውቁትና ላቦራቶሪው የሚያነበው በአንድ መዝገብ ይግቡ፤ መዝገቡም በዚሁ አገር፣ ለወንዙ ልጆች በሚደርስ ቦታ ይቀመጥ።