ከትራስ ሥር ያገኘኋት ክሬም

አልጋ ሳነጥፍ ነው ያገኘኋት። ከልጅ ልጄ ትራስ ሥር፣ በካልሲ ተጠቅልላ፣ ትንሽ ነጭ የፕላስቲክ ዕቃ። በላይዋ የፈገገች ሴት ፎቶ አለ እንጂ ከምን እንደተሠራች፣ ማን እንደሠራት፣ ጊዜዋ መቼ እንደሚያልፍ አንድም የተጻፈ ነገር የለባትም።

መጠርጠርስ ቀድሜ ጠርጥሬ ነበር። ከጥቂት ሳምንታት ወዲህ የልጅቷ ፊት ቀላ ቀላ ብሏል፤ የጣቶቿ አንጓ ግን እንደ ድሮው ጠይም ነው። ከ35 ዓመት በላይ በነርስነት ስሠራ ይህን ምልክት በተመላላሽ ሕክምና ክፍል ስንቴ አየሁት! ፊት ቢዋሽ አንጓ ምስጢር አይጠብቅም።

የመጀመሪያ ሐሳቤ መጮህ ነበር። ግን ከዚህ በፊት ጮኬ አውቀዋለሁ። እናቷ በዚህ ዕድሜ ሳለች እንዲህ ያለ ክሬም ይዤባት፣ ዓይኗ እያየ ቆሻሻ ውስጥ ጣልኩት። "የነርስ ልጅ ሆነሽ!" ብዬም ተቆጣሁ። ሌላውን ጓደኛዋ ቤት ታስቀምጥ እንደነበር የሰማሁት ከዓመታት በኋላ ነው። ስለዚህ አሁን ክሬሟን ኪሴ ከትቼ ልጅቷ ከትምህርት ቤት እስክትመለስ ጠበቅኩ።

ጠረጴዛ ላይ ሳስቀምጣት ፊቷ ተለዋወጠ።

"እማማ፣ ለማሚ ልትነግሪያት ነው?"

"መጀመሪያ አንቺ ንገሪኝ። ውስጧ ምን አለ?"

ዕቃዋን አገላበጠቻት። "አልተጻፈም።"

"ሽሮ ስንገዛ እንኳ ምን እንደተቀላቀለበት እንጠይቅ የለ?" አልኳት። ሳትወድ ሳቀች።

ይህች ልጅ ዘጠነኛ ክፍል ናት። ባለፈው ሴሚስተር በኬሚስትሪ ከ100 ያመጣችው 38 ነው። "ምን ይጠቅመኛል?" ትላለች። ስለ ሊፕስቲክና ስለ ክሬም ግን ስልኳ ላይ ያላየችው የለም። ያን ቀን አንድ ነገር ገባኝ፤ ቀኑን ሙሉ የምታየው ኬሚስትሪ ነው፤ ይህን የነገራት ሰው ግን የለም።

ቅዳሜ ቅዳሜ ወጥ ቤት ውስጥ ትምህርት ጀመርን። በመጀመሪያው ቅዳሜ ቀይ ጥቅል ጎመን ቀቅለን ሐምራዊውን ውኃ በሦስት ብርጭቆ ቀዳን። አንዱ ላይ ሎሚ ስንጨምቅ ቀላ። ሁለተኛው ላይ የልብስ ሳሙና ስንፍቅ ወደ አረንጓዴ ሄደ። ሦስተኛው ለማወዳደሪያ እንዳለ ቀረ። የሎሚ ፒኤች 2 ገደማ፣ የቆዳችን የላይኛው ገጽ 5 ገደማ፣ የሳሙና ደግሞ ከ9 እስከ 10 መሆኑን ነገርኳት። የ1 ቁጥር ልዩነት 10 እጥፍ ነው ስላት እርሳስ አነሳች።

"እማማ፣ ሎሚ ከቆዳዬ 1,000 እጥፍ አሲድ ነው ማለት ነው?"

ማታ ማታ ፊቷን በሎሚ ታሽ እንደነበር ያወቅኩት ያኔ ነው። የሎሚ ጭማቂ የነካው ቆዳ ፀሐይ ሲያገኘው ሊቃጠልና ጥቁር ምልክት ሊተውበት እንደሚችል አስረዳኋት።

በሁለተኛው ቅዳሜ ዘይትና ውኃ ጠርሙስ ውስጥ በጠበጥን፤ ወዲያው ተለያዩ። የእንቁላል አስኳል ስንጨምርበት ግን ተዋሃዱ። ክሬም ማለት ይኸው ነው፤ ዘይትና ውኃን የሚያስታርቅ ሽማግሌ የገባበት። ድሮ ነጠላ የምናጥብበት እንዶድም አረፋ የሚያወጣው በሳፖኒን አማካይነት እንደሆነ ነገርኳት፤ እሱም አንድ ጎኑ ውኃን፣ ሌላው ጎኑ ቅባትን ይወዳል።

ሦስተኛው ቅዳሜ የቆዳ ነበር። ከሥር የተወለደ የቆዳ ሴል ወደ ላይ ወጥቶ እስኪረግፍ አንድ ወር ገደማ ይፈጅበታል። ቀለም የሚሠሩት ሴሎች ብዛት በጠይሙም በቀዩም ሰው ላይ ተቀራራቢ ነው፤ ልዩነቱ በሚያመርቱት ሜላኒን መጠንና ዓይነት ነው። ሜላኒን ደግሞ ተፈጥሮ የሰጠችን የፀሐይ ጃንጥላ ነው።

ከዚያ ወደ ክሬሟ መጣን። ስም አልባ ማንጫ ክሬሞች ውስጥ ሜርኩሪ ሊኖር ይችላል። ሜርኩሪ ሜላኒን እንዳይሠራ ያግዳል፤ በቆዳ አልፎ ደም ውስጥ ገብቶም ኩላሊትን ይጎዳል። በፎጣና በእጅ ንክኪ ለቤተሰብም ይተርፋል። ጠንካራ ስቴሮይድ ያለበት ደግሞ ቆዳን ያሳሳል፣ ብጉር ያወጣል፣ ሲያቆሙት ፊት ቀልቶ ያብጣል። እ.ኤ.አ. በ2013 የጸደቀው የሚናማታ ስምምነት በመዋቢያዎች ውስጥ የሚፈቀደውን ሜርኩሪ በኪሎ ከ1 ሚሊግራም እንዳይበልጥ ገድቦ ነበር፤ በ2023 ደግሞ አባል አገሮች ያንንም ለማስቀረት ተስማሙ።

"በጎመኑ ውኃ እንመርምረው?" አለችኝ።

"ይህን ጎመን አያውቀውም፤ ላቦራቶሪ ይፈልጋል" አልኳት። ያልተጻፈበትን ነገር ፊት ላይ አለመቀባት የሚሻለውም ለዚህ ነው። ክሬሟንም እሷንም ይዤ የቆዳ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። እናቷ ከእኛ ጋር ነበረች፤ የነገረቻት ራሷ ልጅቷ ናት።

ታሪኩን እዚህ ብጨርሰው ጥሩ አስተማሪ መስዬ እቀር ነበር። ከሐኪሙ ስንመለስ ግን ታክሲ ውስጥ እንዲህ ስትል ጠየቀችኝ፦

"እማማ፣ ታናሽ እህቴን 'ቀዮ' ትያታለሽ። እኔን ለምንድን ነው በስሜ ብቻ የምትጠሪኝ?"

መልስ አጣሁ። ቀዮ የምላት ትንሿ ስትወለድ ጀምሮ ነው፤ ክፋት አስቤበት አላውቅም። ስንት እናት ስለ ክሬም የመከርኩ ነርስ፣ ለክሬሟ ገበያ የከፈትኩላት በገዛ አፌ ኖሯል። "ይቅር በይኝ፣ ልጄ" አልኳት። ሌላ የምለው አልነበረኝም።

አሁን ትንሿን በስሟ ለመጥራት እየሞከርኩ ነው። ምላሴ ሲስት ትልቋ "እማማ!" ትለኛለች፤ አርማለሁ። በቅርቡ የኬሚስትሪ ፈተና 61 አምጥታለች። አልፎ አልፎ አሁንም መስታወት ፊት ቆማ ጉንጯን ስትነካ አያታለሁ። የአሥራ አምስት ዓመት ልብ በሦስት ቅዳሜ አይለወጥም።

ወላጆችና አያቶች፣ የልጆቻችሁን አንጓ ከፊታቸው ጋር አስተያዩ። ስም አልባ ክሬም ካገኛችሁ አትጣሉት፤ ሐኪሙ እንዲያየው ከልጅቷ ጋር ይዛችሁት ሂዱ። አባቶቻችን "ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ" ይላሉ። ከሁሉ በፊት ግን ልጆቻችሁን ምን ብላችሁ እንደምትጠሩ ራሳችሁን አዳምጡ።