ራም በሽ ከሆነ ፔጂንግ ምን ይሠራል?

ኦፕሬቲንግ ሲስተም ያስተማርኳችሁ ልጆች ደጋግማችሁ የምትጠይቁኝ ነገር አለ። «ቲቸር፣ ዘንድሮ 128 ጊጋባይት ራም ያለው ሰርቨር እያለ ፔጂንግ ምን ያደርጋል?» ያስፈልጋል። የምታምታቱት ከስዋፕ ጋር ነው።

ስዋፕ ማለት ራም ሲጠብ ለጊዜው ያልተፈለገውን ዳታ ወደ ዲስክ ማውጣት ነው። ፔጂንግ ግን ሜሞሪን በእኩል ቁራጭ (አብዛኛው ላፕቶፕ ላይ 4 ኪሎባይት) ሸንሽኖ፣ ፕሮግራሙ የሚያውቀውን አድራሻ ራም ላይ ካለው እውነተኛ ቦታ ጋር ማገናኘት ነው። ስዋፕ በእሱ ላይ ከተሠሩት አገልግሎቶች አንዱ ነው።

እርግጥ ነገሩ የተወለደው ከእጥረት ነው። እ.ኤ.አ. በ1962 ማንችስተር ላይ ሥራ የጀመረው አትላስ ኮምፒውተር ዋና ሜሞሪው ትንሽ ስለነበር፣ ከኋላው ያለውን ማግኔታዊ ከበሮ ጨምሮ ሁለቱን እንደ አንድ ለማሳየት ነው ፔጂንግ የመጣው።

እጥረቱ ሲያልፍ ግን ሥራው አላለፈም። ራማችሁ አንድ ቴራባይት ቢሆን እንኳ አንዱ ፕሮግራም የሌላውን ሜሞሪ እንዳያነብ የሚከለክለው ያው የፔጅ ሠንጠረዥ ነው። ሃያ ፕሮግራም የሚጋራው ላይብረሪ ራም ላይ አንዴ ብቻ የሚቀመጠውም በእሱ ነው። (ልብስ ማጠቢያ ማሽን ውስጥ ያለችው ቺፕ ያለ ፔጂንግ ትኖራለች፤ አንድ ሥራ ብቻ ነዋ ያላት!)

ስዋፑስ? አንዱ ተማሪዬ «ራም በሽ ነው» ብሎ የመሥሪያ ቤቱን ሰርቨር ስዋፕ አጠፋው። ወር መጨረሻ ላይ ደመወዝ ሲሠራ ማሽኑ መጀመሪያ ተንፏቀቀ፣ ከዚያ ዳታቤዙ ጠፋ። አለቆቹ በዚህ የውጭ ምንዛሪ ዘመን ተጨማሪ ራም ሊገዙ ነበር።

ሊኑክስ ስዋፕ ባይኖረውም ከራም ማስወጣቱን አይተውም። ለሰዓታት ያልተነካውን ዳታ የሚያሳርፍበት ስለሌለው፣ ከፋይል መልሶ ሊያነበው የሚችለውን ይጥላል፤ እየሠራ ያለውን ፕሮግራም ኮድ ጭምር። ይጥለዋል፣ ወዲያው ይፈልገዋል፣ ከዲስክ ያነበዋል፣ መልሶ ይጥለዋል። ሲጨንቀው አንዱን ፕሮግራም ይገድላል፤ ብዙ ጊዜ ትልቁን።

ስለዚህ ራም ከመግዛታችሁ በፊት የከርነሉን ሎግ ክፈቱ። ማን እንደተገደለና ያኔ ስንት ሜሞሪ ይዞ እንደነበር ጽፎላችኋል። ይዞ የማይለቅ ፕሮግራም ካለ 256 ብታደርጉትም ይሞላዋል፤ ስዋፕም ቢሆን እስክትደርሱ ያቆየዋል እንጂ አያድነውም። የዚያ ልጅ ጣጣ ሌሊት የሚሠራ የሪፖርት ስክሪፕት ሆኖ ተገኘ። ስክሪፕቱን አስተካከለ፣ መጠነኛ ስዋፕ መለሰ፤ ራሙም አልተገዛም።