ከቡሎኑ ሥር የሚወጣው ውሃ

ግንቦት 1999 ዓ.ም. ላይ፣ ከአሶሳ ወደ ባምባሲ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለ አንድ እርሻ፣ አሮጌ ማሴ ፈርጉሰን 135 ሞተሩ ውሃ እያፈሰሰ ቆመ። ዝናቡ ይዟል፤ ማሽላ የሚዘራበት መሬት ገና ግማሹ አልታረሰም። ይህ ሞዴል እንግሊዝ አገር መመረት የጀመረው በ1957 ዓ.ም. ገደማ ነው። ባለ ሦስት ሲሊንደር የፐርኪንስ ሞተሩ ለጠገነው ሰው ታዛዥ ስለሆነ ብዙ ዓመት ያገለግላል። ይኸኛውም ከአርሲ ተገዝቶ የመጣ ነበር።

ሾፌሩ የቴስታታው ጓርኒሲዮን ተቃጥሏል ብሎ ደምድሟል። ባለቤቱ ደግሞ ዕቃውን ከሶማሌ ተራ የሚያመጣ ሰው ወደ አዲስ አበባ ሊልክ ተነሣ። ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ በመንዲና በነቀምት ደርሶ እስኪመለስ እርሻው አረም ይውጠዋል።

ያን ጊዜ ነው በአርሲ የመንግሥት እርሻዎች ያረጁት መካኒክ የተጠሩት። እኔ ቁልፍ አቀባያቸው ነበርኩ። መጀመሪያ የዘይት መለኪያውን መዘዙ። ዘይቱ ጥቁር ነው፤ ውሃ ገብቶበት ወተት አልመሰለም። ቀጥሎ ቀዝቃዛውን ሞተር አስነሥተው የራዲያተሩን አፍ ከፍተው አዩ፤ አረፋ የለም።

«ጓርኒሲዮኑ ደህና ነው» አሉ።

«ጋሼ፣ ታዲያ ውሃው ከየት ይመጣል?» አለ ሾፌሩ።

መልስ አልሰጡትም። ሞተሩን አጥፍተው ቴስታታውን በጨርቅ አደረቁና በየዳዶው ዙሪያ የጠመኔ ዱቄት ነሰነሱ። የራዲያተሩን ክዳን ገጥመው ሞተሩን እንደገና አስነሡ። ሁላችንም አጎንብሰን ጠበቅን። ሲሞቅ ከፊት በኩል ባለው አንድ ዳዶ ሥር ነጩ ዱቄት ጠቆረ፤ ሌላው ሁሉ ደረቅ ነበር። በቃ፣ ተገኘ!

በዚህ ሞተር ቴስታታውን ከሞኖብሎኮው ጋር ከሚያስሩት ረጃጅም ቡሎኖች የአንዳንዱ ቀዳዳ ውሃው እስከሚዞርበት ክፍል ይዘልቃል። የቡሎኑ ጥርስ ዝገት ሲበላው ውሃው በጥርሱ መካከል እየተሳበ ወደ ላይ ይወጣል። ሾፌሩ ይህን ስላላወቀ ዳዶውን ደጋግሞ አጥብቆታል። ማጥበቅ ቡሎኑን ይስባል እንጂ ውሃውን አያቆመውም። ፍሳሹ እንዲቀንስም የራዲያተሩን ክዳን አላልቶ ይነዳ ነበር። አሶሳ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,500 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ 95 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ይፈላል። ክዳኑ ግፊት ሲይዝ ውሃው የሚፈላበት ሙቀት ከፍ ይላል፤ የላላ ክዳን ግን ይህን መከላከያ ያሳጣል። ለጥንቃቄ ብሎ ያደረገው ነገር ሞተሩን ለግለት አጋልጦታል።

ሞተሩ ሲበርድ ውሃውን አወረድን። የዛገው ቡሎን ላይ ናፍጣ አፍስሰው ሌሊቱን አሳደሩት። በማግሥቱ ሁለት ዳዶ በቡሎኑ ጫፍ ላይ እርስ በርስ አጣብቀው፣ የታችኛውን እየፈቱ በትዕግሥት መዘዙት። የተነቀለው ያ አንዱ ብቻ ነው፤ ሌሎቹ አልተነኩም። ቀዳዳው ተጸዳ፣ ደረቀ፤ ጥርሱ ዘይትና ሙቀት የሚችል ማሸጊያ ተቀብቶ ቡሎኑ ተመለሰ። ዳዶውን በአንድ ጊዜ አላጠበቁትም፤ ኃይል በሚለካ ቁልፍ ደረጃ በደረጃ ነው የያዙት። ማሸጊያው እስኪደርቅ ውሃ እንዳይሞላበትም ከለከሉ። ባለቤቱ ሰማይ ሰማዩን እያየ ቢቆጣም አልሰሙትም። ልክ ነበሩ።

ሲሞላም በጀሪካን የቀረበውን የወንዝ ውሃ መለሱ። «ልጄ፣ ዝገቱን ያመጣው ይኸው ነው፤ ኩላንት አምጣ» አሉት ሾፌሩን። ሞተሩ ሠርቶ ከሞቀ በኋላ ዳዶውን ዳግመኛ ለኩት። ጠመኔውም እንደገና ተነሰነሰ፤ ደረቅ ሆኖ ቀረ። ያ ማሴ የዚያን ክረምት እርሻ ጨረሰ።

እኚያ ሰው ይህን ያወቁት በአርሲ ከሠሩባቸው ተመሳሳይ ሞተሮች ነው። በእርሻው ላይ የሞተሩ መጽሐፍ አልነበረም። ዛሬ በአሶሳም ሆነ በመተከል ትራክተር ያላችሁ ሰዎች፣ ዕቃ ፍለጋ ሰው ወደ አዲስ አበባ ከመላካችሁ በፊት ፍሳሹ ከየት እንደሚነሣ አስፈትሹ። ያረጀ መካኒክ በአካባቢያችሁ ካለ ደግሞ አንድ ወጣት አጠገቡ አቁሙለት፤ ደመወዙንም ክፈሉት።