የተመለሰችው ምን ይዛ መጣች?

በሀዲያ፣ በሶሮ ወረዳ፣ በጊምቢቹና አካባቢዋ እንደዚሁም በጎረቤት በከምባታ፣ ሙሽራ ወደ ባሏ ቤት ስትገባ የምትለውጠው ጎጆዋን ብቻ አልነበረም፤ አንደበቷንም ጭምር ነበር። በልማዱ መሠረት ሚስት የአማቶቿን ስም አትጠራም። ነገሩ በዚህ አያበቃም፤ ስማቸው በሚጀምርበት ድምፅ የሚጀምሩትን ሌሎች ቃላትም ትሸሻለች። የአማቷ ስም መነሻ ከውሃ መጠሪያ መነሻ ጋር ቢገጥም፣ ውሃን በሌላ ቃል መጥራት ግድ ይሆንባታል። ከምባቶች ይህን የአክብሮት አነጋገር «ባሊሻ» ይሉታል። ዛሬ በይበልጥ የሚያውቁት አሮጊቶች ሲሆኑ፣ ወጣቶቹ እየተዉት ነው።

ቃላት ከአፏ የተወሰዱባት ሴት ማን ናት? ጥንት የነበረችው ናት ወይስ ሌላ? ይህንኑ ጥያቄ፣ በሌላ አገርና በከፋ ጭቆና ሥር፣ የጎንደሩ ተወላጅ ኃይሌ ገሪማ እ.ኤ.አ. በ1993 «ሳንኮፋ» በተባለው ፊልሙ አንሥቶታል።

ሞና የተባለች ጥቁር አሜሪካዊት የፋሽን ሞዴል በጋና ባሕር ዳርቻ፣ ጥንት ባሪያዎች ወደ መርከብ በተጋዙበት ምሽግ ፎቶ ግራፍ ትነሣለች። ከበሮ መቺው ሽማግሌ «ወደ ኋላሽ ተመለሺ» ይላታል። ወደ ምድር ቤቱ ስትወርድ ዘመን ይገለበጥና ሾላ በሚል ስም በአንድ የእርሻ ጌታ ቤት ባሪያ ሆና ትገኛለች። ባሪያ በመሆኗና ሴት በመሆኗ የሚደርስባት ግፍ ተነጣጥሎ አይመጣም፤ ጌታዋ ጉልበቷንም ገላዋንም የእኔ ነው ይላል። ሾላ መጀመሪያ አመፅን የምትፈራ ናት። ከአፍሪካ የተጋዘችው ኑኑ ትዝታዋን ሳትጥል ስትኖር ታያለች፤ ሻንጎም ወደ ኋላዋ የምታይ ወፍ ምስል ይሰጣታል። በመጨረሻ በደፋሪዋ ላይ ቆንጨራ ታነሣለች።

ይህ ፊልም ራሱ አንደበቱ ሊያዝ ተቃርቦ ነበር። የአሜሪካ አከፋፋዮች ፊት ስለነሡት፣ ኃይሌ ሲኒማ ቤቶችን እየተከራየ ለሕዝብ አሳየው። እ.ኤ.አ. በ2021 ታድሶ በኔትፍሊክስ ቀረበ።

«ሳንኮፋ» በአካን ቋንቋ «ተመልሰህ አምጣ» ማለት ነው። የሚያመጣ ሰው መምረጡ አይቀርም። ሞና ከዚያ ዘመን ስትመለስ የኑኑን ድፍረት ይዛ ወጣች፤ ጅራፉን እዚያው ተወችው። ከከምባታ ወጥተው በውጭ አገር የተማሩት ቦጋለች ገብሬም እንዲሁ አድርገዋል። ወደ አገራቸው ተመልሰው እ.ኤ.አ. በ1997 ድርጅት አቋቋሙ፤ የሴት ልጅ ግርዛትንም ሕዝቡን ሰብስቦ በማወያየት ታገሉ። ከአንድ ባህል ውስጥ ምላጩን ጣሉ፣ ምክክሩን አነሡ።

እንግዲህ ባሊሻ ከየትኛው ይመደብ? የቃሉ ሸክም የወደቀው በሴቷ ጫንቃ ላይ ነውና ክልከላው ሊወደስ አይገባም። ሆኖም በዚያው ክልከላ ሥር ሴቶቹ ተመሳሳይ ቃል መረጡ፣ ሌላ ፈጠሩ፣ ነገሩን በባሕርዩ ገልጸው ጠሩት። ገጣሚ በብራና ፊት የሚደክምበትን ሥራ እነሱ እንሰት እየፋቁ፣ ልጅ አዝለው፣ ማንም ገጣሚ ሳይላቸው ሠሩት።

ወጣቷ ከክልከላው ነፃ መውጣቷ ደግ ነው። ነገር ግን አያቷ ስታልፍ ያ ሁሉ ቃል አብሮ ከተቀበረ፣ የጭቆናው ዘመን ሲያልቅ የተጨቋኟ ሥራም አብሮ ጠፋ ማለት ነው። ስለዚህ መምህሩ ተማሪዎቹን ደብተርና እርሳስ አስይዞ ወደየአያቶቻቸው ይላክ፤ ጸሐፊ ተውኔቱም ያን አነጋገር በመድረክ ያሰማ። ያን ጊዜ የጊምቢቹ ልጅ የአማቷን ስም ያለ ፍርሃት ትጠራለች፤ አያቷ ውሃን ምን ብላ ትጠራው እንደነበርም ታውቃለች።