አራት ቀን አውቶቡስ ተራ

ይህን ጽሑፍ የጻፍነው ባልና ሚስት ሆነን ነው። አንዳችን ሲጽፍ ሌላችን ያርማል። ስለዚህ «እኛ» ስንል ሁለታችንም ማለታችን ነው። መለየት ሲያስፈልግ «ባልየው» ወይም «ሚስትየዋ» እንላለን።

በሩቅ አገር ክረምት ሲገባ በረዶ ይከመራል። ደጁን ይደፍናል፤ መንገዱን ይዘጋል። ሰው ቤቱ ውስጥ ታግዶ ይሰነብታል። በእኛ አገር በረዶ እንዲህ አያግድም። እንደ ራስ ደጀን ባለ ከፍተኛ ተራራ አናት ላይ አልፎ አልፎ ይታያል እንጂ ደጅ አይዘጋም። የእኛን መንገድ የሚዘጋው ዝናብ ነው። ዝናብ ወንዝ ይሞላል፤ ገደል ይንዳል። እኛንም አንድ ክረምት እንዲህ ያለ ዝናብ አዲስ አበባ፣ አውቶቡስ ተራ ላይ፣ አራት ቀን አገደን። የምናጫውታችሁ እሱን ነው።

ጊዜው ሐምሌ 1979 ዓ.ም. ነው። ቤታችን ጎጃም ውስጥ፣ ከሉማሜ ከተማ ወጣ ብሎ ነው። ከተጋባን ዘጠኝ ዓመት ሆኖን ነበር። ልጅ ግን አልወለድንም። በመንደር ደግሞ ልጅ ሲጠፋ ጣት የሚቀሰረው በሴቷ ላይ ነው። ሚስትየዋ ጠበል ጠጣች፤ ስለት ተሳለች፤ ያልሞከረችው ነገር የለም። በመጨረሻ «እስቲ አዲስ አበባ ሄደን እንታይ» አልን። ጤፍ ከመዘራቱ በፊት ደርሰን እንመለሳለን ብለን ተነሣን።

ሐኪሙ ሁለታችንንም መረመረ። ውጤቱንም በግልጽ ነገረን። ምክንያቱ በባልየው በኩል ነው። «ልጅ መውለዳችሁ ያጠራጥራል» አለን።

አንባቢ ሆይ፤ ይህን ልብ በል። ልጅ ያለመውለድ ምክንያት በሴቷም በኩል፣ በወንዱም በኩል ሊሆን ይችላል። ሳይመረመሩ በአንድ ወገን መፍረድ ግፍ ነው። እኛ ይህን ያወቅነው ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ስንፈርድ ከኖርን በኋላ ነው።

ከሐኪም ቤት ስንወጣ ቃል አልተነፈስንም። ባልየው «እንግዲህ ትፈታኛለች» ብሎ ያስባል። ሚስትየዋ «ዝም አለኝ፤ ተቀይሞኛል» ብላ ታስባለች። እንዲህ ሆነን ትኬት ቆርጠን አደርን። በማግሥቱ ሌሊት 11 ሰዓት ላይ አውቶቡስ ተራ ተገኘን።

አውቶቡስ ተራ አዲስ ከተማ ውስጥ፣ ከመርካቶ ገበያ አጠገብ ነው። ሌሊቱን ሰው ይግተለተላል። ረዳቶች «ጅማ! ጅማ!»፣ «ደሴ! ደሴ!» ይላሉ። ጆንያውም፣ ቅርጫቱም፣ ዶሮውም ሳይቀር አውቶቡሱ አናት ላይ ይጫናል። ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚት ይውጣል።

የጎጃም አውቶቡሶች ግን ንቅንቅ አላሉም። «ዓባይ በረሃ ናዳ ወርዷል፤ መንገድ የለም» ተባለ።

የጎጃም መንገድ በጫንጮ፣ በፍቼና በገብረ ጉራቻ አልፎ ጎሃ ጽዮን ይደርሳል። ከዚያ ቁልቁል ወደ ዓባይ ወንዝ ይወርዳል። ድልድዩን ተሻግሮ ሽቅብ ወደ ደጀን ይወጣል። ከጎሃ ጽዮን እስከ ደጀን መንገዱ ጠመዝማዛ ነው፤ ወደ 40 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ቁልቁለቱ ከ1000 ሜትር ይበልጣል። አፈሩ ዝናብ ሲጠግብ ይንሸራተታል፤ አለቱንም ይዞ ይወርዳል። ያኔ በመንገዱ ላይ ድልድዩም አንድ ብቻ ነበር። ናዳው እስኪጠረግ ከመጠበቅ በቀር ምን ይደረጋል?

«ትኬታችሁን ያዙ፤ ነገ ጠይቁ» አሉን።

ከመናኸሪያው ጀርባ አልጋ ያዝን። ሒሳቡ በቀን 2 ብር ነው። በኪሳችን የቀረው 23 ብር ነበር። የቤቱ ባለቤት አንዲት አሮጊት ናቸው፤ እትዬ እንላቸዋለን። ክፍሉ ጠባብ ነው። አንድ አልጋ፣ አንድ በርጩማ፣ አንድ ኩራዝ አለው። ጣራው ቆርቆሮ ነው። ዝናቡ ሲመታው ቢነጋገሩም አይሰማም። ደግሞ ማን ተነጋግሮ!

የመጀመሪያውን ቀን ግድግዳ ስናይ ዋልን። እኛ ገበሬዎች ነን። አገራችን ሳለን ሥራ ፈትተን አብረን ውለን አናውቅም። ባልየው ማለዳ ወደ እርሻ ይሄዳል። ሚስትየዋ ውኃ ትቀዳለች፤ ትፈጫለች፤ ትጋግራለች። ማታ እራት በልተን እንተኛለን። ዘጠኝ ዓመት አብረን ኖረን ቀን ለቀን ፊት ለፊት ተቀምጠን አናውቅም። ስለዚህ ያ ቀን ዓመት ሆነብን።

ማታ ጣራው አፈሰሰ። ጠብታው ባልየው ግንባር ላይ ጠብ አለ። አልጋውን ወደ ግራ ገፋነው። ጠብታው ሌላ ቀዳዳ አግኝቶ እዚያው ግንባሩ ላይ ጠብ አለ። ወደ ቀኝ ገፋነው። አሁንም ጠብ! ሚስትየዋ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። ሳቋ ግን አመለጣት። ባልየውም ሳቀ። ከሐኪም ቤት ከወጣን ወዲህ የሳቅነው ያኔ ነው።

በሁለተኛው ቀን ሌሊት 11 ሰዓት ሄደን ጠየቅን። «ዛሬስ?» አልን። «ገና ነው» አሉን። ስንመለስ የስሙኒ ሽምብራ ቆሎ ገዛን። ሚስትየዋ ሽምብራውን በእጇ እያገላበጠች አየችው። «ይኸ እኮ ለገበጣ ጥሩ ጠጠር ይወጣዋል» አለች። ከእትዬ አሮጌ ካርቶን ለመነች። በከሰል ክብ ክብ ሣለችበት።

ገበጣን የማያውቅ ካለ እኛ የተጫወትነው እንዲህ ነው። ሁለት ረድፍ ጉድጓድ አለ። በያንዳንዱ ረድፍ 6 ጉድጓድ ነው። በያንዳንዱ ጉድጓድ 4 ጠጠር ይገባል። ጠቅላላው 48 ጠጠር ነው። ተራው የደረሰ ሰው ከራሱ ረድፍ አንዱን ጉድጓድ አፍሶ በየጉድጓዱ አንድ አንድ ይዘራል። የመጨረሻው ጠጠር ሌላ ጠጠር ካገኘ ያንንም አፍሶ ይቀጥላል። ባዶ ጉድጓድ ካገኘ ተራው ለሌላው ያልፋል። ሲዘራ አንድ ጉድጓድ ልክ 4 ከሞላ ባለረድፉ ይበላዋል። ብዙ የበላ ያሸንፋል። ደንቡ በየአገሩ ይለያያል። ጨዋታው በአፍሪካ የተስፋፋ ነው። ጋናዎች ኦዋሬ ይሉታል፤ ታንዛንያዎች ደግሞ ባኦ የሚባል የዚሁ ዘመድ ጨዋታ አላቸው።

እርሻ ላይ ዘሪው ባልየው ነው። ገበጣ ላይ ግን ዘሪዋ ሚስትየዋ ሆነች። ለካ ልጅ ሳለች ከብት ስትጠብቅ ከወንድሞቿ ጋር ስትጫወት ነው ያደገች። ዓይኗ አስቀድሞ ይቆጥራል። ባልየው ሁለት ጊዜ ተሸነፈ። በሦስተኛው አንዲት ሽምብራ በመዳፉ ደብቆ አስቀረ።

«ኧረ አንተ ሰውዬ፣ አታጭበርብር!» አለች።

ሁለታችንም ደነገጥን። በአገራችን ደንብ ሚስት ባሏን «አንቱ» ነው የምትለው። እሷም ከሠርጋችን ቀን ጀምሮ «አንቱ» ስትል ነው የኖረች። ሚስትየዋ ፊቷ ቀላ። ባልየው ግን እጁን ዘርግቶ ሽምብራዋን መለሰ። «እሺ፣ አንቺው ዝሪ» አላት። ከዚያ ወዲያ በጨዋታው ላይ አንቱታ ቀረ።

አንድ ችግር ግን አለ። ሽምብራው ቆሎ ነው። የበላነውን ጠጠር የምር በላነው! አራተኛውን ጨዋታ ለመጀመር ብንቆጥር 31 ብቻ ቀርቷል። ሌላ ስሙኒ አወጣን።

በሦስተኛው ቀን ጎሕ ሲቀድ የራጉኤል ደወልና የአንዋር መስጊድ አዛን ተከታትለው ተሰሙ። ጠየቅን። «ገና ነው» አሉን። ዝናቡ አባርቶ ስለነበር መናኸሪያው ውስጥ ቆየን። በዚያ ዓመት ሁለታችንም በመሠረተ ትምህርት ፊደል ቆጥረን ነበር። ስለዚህ አንድ ጨዋታ ፈጠርን። የአውቶቡሱን ሰሌዳ ቀድሞ ያነበበ ያሸንፋል። የተሸነፈ ጃንጥላ ይይዛል። ሚስትየዋ «ጅማ!» አለች፤ ልክ ነው። ባልየው «ደስ!» አለ። ጠጋ ብለን ብናየው «ደሴ» ነው። አንድ ሽማግሌ መንገደኛ ሰምተው፣ «ደሴስ ቢሆን መቼ ከደስታ ራቀ!» ብለው አሳቁን። ጃንጥላውን ግን ባልየው ያዘ።

ከዚያ መርካቶን ዞርን። ምንም የምንገዛው የለንም። ማየት ግን አይከፈልበትም። በርበሬ በረንዳ ስንደርስ እየተፈራረቅን አስነጠሰን። ሸማ ተራ ጥለቱን እያየን የቱ እንደሚያምር ተከራከርን። ምናለሽ ተራ ግን ብዙ አቆየን። እዚያ ያረጀ ዕቃ ይታደሳል፤ የተጣለ ነገር ለሌላ ይውላል። «ይኸ ዱሮ ምን ነበር?» እያልን ተጠያየቅን። ይኸ ኩራዝ ምን ነበር? የዘይት ጣሳ። ይኸ ጫማ ምን ነበር? የመኪና ጎማ። አንዱ ሠራተኛ መዶሻውን አሳርፎ፣ «እናንተስ ዱሮ ምን ነበራችሁ?» አለን። «ጎጃም የምንሄድ መንገደኞች ነበርን፤ አሁን የአውቶቡስ ተራ ነዋሪዎች ሆነናል» አልነው።

ማታ ዝናቡ ብሶ መጣ። ኩራዙን አብርተን እንቆቅልሽ ያዝን። ባልየው ጀመረ።

«እንቆቅልሽ!»

«ምን አውቅልህ!»

«ማታ ባዶ ሆዱን ያድራል፤ ጠዋት ብዙ ሰው ይውጣል፤ ሳያኝክ ይተፋል።»

«አውቶቡስ!» አለች። ቀጥላም ጠየቀች።

«ሰማይ ሲያለቅስ ታብባለች፤ ሰማይ ሲስቅ ትከስማለች።»

ባልየው አሰበ አሰበ፤ አልመጣለትም። ለካ ቀኑን ሙሉ ተሸክሟት የዋለችው ጃንጥላ ናት!

«አገር ስጠኝ» አለች።

«መርካቶን ሰጠሁሽ።»

«መርካቶን ምን ላደርገው? ዓባይን ስጠኝና መንገዱን ልክፈተው።»

ሳቅን። ከዚያ ሚስትየዋ ጥቂት ዝም አለች። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «አንድ ልጨምር። እንቆቅልህ» አለች።

«ምን አውቅልሽ።»

«ሦስት እንሆናለን ብለው ወጥተው፣ ሁለት ሆነው የሚመለሱ።»

ባልየው መልሱን አውቆታል። አፉ ግን እምቢ አለው። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ብዙ ከቆየን በኋላ፣ «እኛ ነን» አለ። ያኔ ሁለታችንም አለቀስን። ያን ሌሊት የዘጠኝ ዓመቱን ሁሉ ተነጋገርን። «ትፈቺኛለሽ ብዬ ነው ዝም ያልኩት» አላት። «የተቀየምከኝ መስሎኝ ነው ዝም ያልኩት» አለችው። ባልየው በሴቷ ላይ ሲፈረድ ዝም ብሎ በመኖሩ ይቅርታ ጠየቀ። እሷም «ቀላል አልነበረም» አለችው እንጂ «ምንም አይደለም» አላለችውም። ሊነጋ ሲል፣ «አገር አልሰጠኸኝም እኮ» አለች። «ቤታችንን ሰጠሁሽ» አላት።

በአራተኛው ቀንም መንገዱ አልተከፈተም። እኛ ግን እንደ መጀመሪያው ቀን አልከፋንም። እትዬ ጀበና አበደሩን። ቡናውን የቆላው ባልየው ነው። ግማሹን አሳረረው። እትዬ ቀምሰው፣ «ልጆቼ፣ ይኸስ ከሰል ነው!» አሉ። ግን ሦስቱንም ስኒ ጠጡ። ከሰዓት በኋላ ገበጣ አስተማርናቸው ስንል እሳቸው እኛን አስተማሩን። ሁለታችንንም አሸነፉን።

በአምስተኛው ቀን ሌሊት፣ «ዛሬስ?» ስንል፣ «ግቡ!» ተባልን። ሰው እልል አለ። ከሰዓት በፊት ዓባይ በረሃ ወረድን። ናዳው ወርዶበት የነበረውን ቦታ ሹፌሩ በቀስታ አለፈው። ሁሉም ትንፋሹን ዋጠ። እኛ እጅ ለእጅ ተያይዘን ነበር።

ቤት የደረስነው በኪሳችን 90 ሣንቲም ይዘን ነው። ጤፉም ጊዜው አላለፈበትም። ዘራነው። ከደጃችን ዛፍ ሥር 12 ጉድጓድ ቆፈርን። ጎረቤት መጀመሪያ «ባልና ሚስት እንደ ልጅ!» ብሎ ሳቀብን። ከጥቂት ቀን በኋላ «እስቲ እኔም ልሞክር» ማለት መጣ። ሰው ፊት አሁንም «አንቱ» ነው። ገበጣ ላይ «አንተ» ነው። ኋላም የዘመድ ልጅ ተቀብለን አሳደግን። ገበጣ ያስተማረችው ሚስትየዋ ናት። ማጭበርበር ያስተማረው ባልየው ነው።

ከዚያ ወዲህ መንገዱ ተሻሽሏል። በ2001 ዓ.ም. ዋዜማ፣ በጃፓን መንግሥት እርዳታ የተሠራው የሕዳሴ ድልድይ ከአሮጌው ጎን ተመረቀ። ርዝመቱ 303 ሜትር ነው። ቢሆንም ክረምት ክረምት ነው። መንገድ ይዘጋል፤ ወንዝ ይሞላል፤ ሰው ቤት ይውላል።

አንባቢያን ሆይ፤ እንዲህ ያለ ቀን ሲመጣባችሁ ግድግዳ አትዩ። እኛ አንድ ቀን ሙሉ አይተነዋል፤ ምንም አይናገርም። ይልቅ 48 ጠጠር ልቀሙ። ጠጠር ካጣችሁ ሽምብራም ይሆናል። ነገር ግን ጥሬውን ይሁን። ቆሎ ከሆነ ጨዋታው ሳያልቅ ያልቃል።