የጆሮ ፍርድ

«ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» ይባላል። ምሳሌው የሚነገረው ሰው ስለ ራሱ የሚወራውን ከሁሉ በኋላ የሚሰማ መሆኑን ለማመልከት ነው። ሁለት ጥንድ ድምፅ ማጉያዎችን፣ በተለምዶ አጠራር ስፒከሮችን፣ ለማወዳደር በተነሣሁ ጊዜ ግን ምሳሌው ሌላ ፍችም ሊሰጠው እንደሚችል ተገነዘብሁ።

አንደኛው ጥንድ ኤል ኤስ 3/5ኤ ይባላል። ይህን ዓይነት ስፒከር በ1970ዎቹ፣ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር፣ ያወጣው የእንግሊዝ የስርጭት ድርጅት ቢቢሲ ነው። ዓላማውም እንደ ተንቀሳቃሽ የስርጭት መኪና ባለ ጠባብ ስፍራ ለሚሠሩ ባለሙያዎች የሰውን ድምፅ ሳይለውጥ ማሰማት ነበር። ቁመቱ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ይህን ያወረሰኝ ሟቹ ታላቅ ወንድሜ ነው። ሁለተኛው ጥንድ ግን ወለል ላይ የሚቆም፣ ቁመቱ ከአንድ ሜትር የሚበልጥና ዋጋውም እጅግ ከፍ ያለ ሲሆን፣ ለብዙ ዓመታት ባጠራቀምሁት ገንዘብ የገዛሁት ነው። ሳሎናችን 4 ሜትር በ3 ሜትር በመሆኑ ሁለቱን ለማኖር አይበቃም፤ አንደኛው መሸጥ ነበረበት።

ዳኛው ጆሮዬ ነው፤ ነገር ግን በአንድ ወገን ዋጋ፣ በሌላ ወገን ፍቅር ሊደልሉት ይችላሉ። ስለዚህ ሁለቱንም ከስስ መጋረጃ ጀርባ አደረግሁ፤ ትንሹንም ከትልቁ ጋር እኩል እንዲሆን በመቆሚያ ላይ አስቀመጥሁት። ከሁለት ድምፆች መካከል ጥቂት ከፍ ብሎ የተሰማው የተሻለ መስሎ ስለሚታይ፣ የሁለቱን ኃይል በድምፅ መለኪያ አስተካከልሁ። ልጄ ሳትነግረኝ እያፈራረቀች ስታሰማኝ፣ እኔ የመረጥሁትን በወረቀት ላይ እመዘግብ ነበር።

በመጀመሪያ አንዲት ሴት ትረካ ስታነብብ አዳመጥሁ። ከ10 ጊዜ 8 ጊዜ የመረጥሁት ትንሹን ሆነ፤ ትንፋሿ እንኳ ሳይቀር ተለይቶ ይሰማ ነበር። ቀጥሎ የመጋቤ ስብሐት ዓለሙ አጋን በገና አዳመጥሁ። በገና 10 አውታር ያለው ሲሆን፣ በአውታሩና በብርኩማው መካከል የምትገባው የቆዳ ቁራጭ ያንን ነዛሪ ድምፅ ትሰጠዋለች። በዚህ ጊዜ ደግሞ ከ10 ጊዜ 9 ጊዜ ትልቁን መረጥሁ። ምክንያቱም ወፍራም ድምፅ ለማሰማት ብዙ አየር መንቀሳቀስ ስላለበት፣ ትንሽ ሣጥን በዚህ ረገድ ከትልቁ ሊስተካከል አይችልም።

እንግዲህ «የትኛው ይበልጣል?» የሚለው ጥያቄ ብቻውን መልስ አልነበረውም፤ «ለምን ተግባር?» የሚል ሊታከልበት ይገባል። በቤታችን አዘውትረን የምናዳምጠው ትረካ፣ ዜናና ዝግ ያለ ዘፈን ነው። ስለሆነም ትልቁን ሸጥሁት። በጾም ወራት በገና ስናዳምጥ የጎደለው ክብደት ይታወቀኛል፤ ይህንንም ዐውቄ የከፈልሁት ዋጋ ነው። የወንድሜ ቅርስ ግን በፍቅር ብቻ ሳይሆን በፍርድም ጭምር በቤቴ ቀርቷል።